የረጠበው ገመድ

ወረቀቱ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተገንጥሎ ተነሥቷል። በስፒል የተያዙት አራት ጥጎቹ ግን እንደተሰኩ ስለቀሩ ወጪ ወራጁ ሁሉ ቆም እያለ ያያቸዋል። መምህር አለምነው ወደ ስብሰባው ሲያልፍ እሱም ቆመ። በታችኛው ጥግ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈች አንዲት ቃል ተርፋለች። «ይጠልቃል» ትላለች። የእጅ ጽሑፉ የተማሪዋ የአርዋ ነው። የጎደለውን ለመሙላት ወረቀቱ አያስፈልግም፤ በዚያ ሳምንት መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ፣ ከገበያው እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ፣ ግጥሙን በቃሉ ያልያዘ ሰው አልነበረም።

ገመድ ሰው ያውቃል ወይ? ገመድ ዐይን አለው ወይ?
ለጌታው ሲረዝም፣ ለድሀው ሲያጥር ሳይ።
ለጌታው ሲለካ ከሳት ዳር ይደርቃል፣
ለመበለቷ ግን ከእንስራ ይጠልቃል።

አራት መስመር ናት። ከተማውን በሙሉ አሥቃ ስታበቃ፣ አሁን አንዲት ልጅ ለብሔራዊ ፈተና ሁለት ወር ሲቀራት ከትምህርት ቤት ልታስባርር ነው።

ነገሩን ያመጣው የአለምነው ጥንቃቄ ነበር። እሱ እንግሊዝኛ ከማስተማሩ ሌላ የትምህርት ቤቱ የፀረ ሙስና ክበብ ኃላፊ ነው። ክበቡ በዓመት አንድ ቀን ያከብራል፤ በዚያ ቀን በድምፅ ማጉያ የሚነበብ ነገር ያስፈልጋል። የአገር ሰው የጻፈው ግጥም ቢነበብ «ማንን ለማለት ነው?» መባሉ አይቀርም። ዘመኑ 2001 ዓ.ም. ነው፤ ሰው በየግምገማው ሂስና ግለሂስ እያለ አንዱ የሌላውን ጉድ የሚዘረዝርበት፣ «ማንን ለማለት ነው?» ሲባል ሰው ወደ ኋላው ዞሮ የሚያይበት ጊዜ። ስለዚህ አለምነው አንድ አሮጌ መጽሐፍ ትዝ አለው። ከግምጃ ቤቱ ጥግ ወድቆ ያገኘው፣ አይጥ ጫፉን የበላችው፣ ሽፋንም የጸሐፊ ስምም የሌለው መጽሐፍ ነው። የጥንት እንግሊዞች የዘመናቸውን ጉቦኛ ዳኛ፣ ሆዳም ቄስና ሚዛን ሰራቂ ነጋዴ በግጥም የሸነቆጡበት ነው። ከሞተ ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው እንግሊዛዊ ማንን ያስቀይማል? ብሎ አሰበ።

ከክበቡ ልጆች ጎበዟን አርዋን መረጠ። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጠው «የቀያሹ ገመድ» የሚለውን ግጥም አብረው ፈቱት። በእንግሊዝኛው አንድ መሬት ለኪ አለ፤ የባለጸጋ መሬት ሲለካ ገመዱን በእሳት ዳር አድርቆ ያረዝመዋል፣ የመበለት ሲለካ ደግሞ ውሃ ነክሮ ያሳጥረዋል። አለምነው ጠጣር ቃላቱን አንድ በአንድ አስረዳት፤ የድሮ እንግሊዞች ሰውን በስሙ ሳይጠሩ እንዴት እንደሚወጉት ሲነግራት ራሱም ሞቅ ብሎት ነበር። የግጥሙ የመጨረሻ ቤት ላይ ሲደርሱ ግን ገጹን በመዳፉ ሸፈን አደረገና «ይሄ ድግግሞሽ ነው፤ ተይው» አላት። አርዋም ተወችው። መጽሐፉን «ቤት ወስጄ ልየው» ብላ ተዋሰች። ግጥሙ በክበቡ ቀን ተነብቦ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ።

ሁለቱም ያላሰቡት ነገር ከተማዋ የራሷ ቀያሽ እንዳላት ነው። ቀያሹ አቶ ንጉሡ የሚሠራበት ቢሮ የብረት ሜትሩ ከተበጠሰ ዓመታት አልፈዋል። ለቤት መሥሪያ የሚሰጠው ቦታ ሁሉ የሚለካው በየሜትሩ ቋጠሮ ባለው የቃጫ ገመድ ነው፤ ንጉሡ ያን ገመድ እንደ ነጠላ በትከሻው ጣል አድርጎ ነው የሚዞረው። ቃጫ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ይኮማተራል። ይህን የማያውቅ የቦረና ገበሬ የለም። ሰዉ ሲያውቀው ቆይቶ አፍ ያጣለትን ነገር ያች አራት መስመር አፍ ሰጠችው፤ ንጉሡ በመንገድ ሲያልፍ ሊስትሮዎች ሳይቀሩ «ከእንስራ ይጠልቃል» ማለት ጀመሩ።

እንግዲህ «ሁለቱም ያላሰቡት» ያልነው በአርዋ በኩል እውነት ይሁን። በአለምነው በኩል ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

ንጉሡ ስብሰባው ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲጠብቀው ነበር። ገመዱን ዛሬ አልያዘም፤ ያለ ገመድ ሲታይ ትከሻው የጠበበ ይመስላል። ለሰላምታ የያዘውን የአለምነውን እጅ ሳይለቅ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«አለምነው፣ አንተ አጥርህን ጠብቅ። ሌላውን ለኛ ተወው።»

ከዚያ እንደ ወዳጅ ጀርባውን መታ መታ አደረገው።

በርእሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰብስቧል። ርእሰ መምህሩ አቶ ሰዲቅ ክፋት የሌለበት፣ ፍርሃት ግን የማያጣው ሰው ነው። አጠገቡ «ከበላይ አካል» የተባለ ስሙን ያልተናገረ ሰው ማስታወሻ ይዞ ተቀምጧል። አርዋ ከጠረጴዛው ፊት ቆማለች። ጥቁር ሰማያዊ ሻሽዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ የትከሻ ቦርሳዋን በክንዷ ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች።

«ተማሪ አርዋ» አለ ሰዲቅ፣ «ግጥሙ ትርጉም ነው ብለሻል። ትርጉም ከሆነ ጥፋት የለብሽም። ከራስሽ አውጥተሽ ከሆነ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ስም ማጥፋት ነው። እስኪ ከማን ሰማሽው?»

አርዋ ፊቷን ከሰዲቅ መለሰች። አለምነውን አየችው። አስተያየቷ የሚወቅስ ወይም የሚለምን አልነበረም፤ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀች ሌላ ልጅ ዕድል እንዲያገኝ ዝም ስትል የምታየው ዓይነት ነበር።

«መምህር፣ እርስዎ ይንገሩና» አለ ሰዲቅ። «መጽሐፉ ውስጥ ስለ ገመድ የሚል አለ?»

አለ። ሦስት ፊደል የማትሞላ መልስ ናት። አለምነው ግን ያን ጊዜ ዐይኑ ላይ የመጣበት መጽሐፉ ሳይሆን ቢጫ ጀሪካን ነበር።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት የካቲት ውስጥ ነው። ለአለምነው የቤት መሥሪያ ቦታ ወጣለት፤ ከጎኑ ያለው ደግሞ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሎ ለምትሸጠው ለበዛች ደረሰ። በዛች ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇ ሙሉሐረግ ጅዳ ቤት ሠራተኛ ሆና የምትረዳት ሴት ናት። ንጉሡ ልኬቱን ከበዛች ጫፍ፣ ከፈፋው በኩል ለመጀመር ተዘጋጀና ድንገት «ገመዱ አቧራ ይዟል፤ ትንሽ ውሃ ቢገኝ» አለ። ይህን ሲል ያየው አለምነውን ነበር። ንጉሡ በርቀት ትምህርት ዲግሪውን ሲማር የእንግሊዝኛ አሳይመንቱን በሙሉ የሠራለት አለምነው ነው፤ በመካከላቸው ገንዘብ አላለፈም፣ «እንዲህ አድርግልኝ» የሚል ቃልም አልወጣም። ቃል ባይወጣም ሁለቱም ገብቷቸዋል።

አለምነው ያን ግጥም ቀድሞ ባያነብ ኖሮ ምናልባት ውሃው ለምን እንደተፈለገ አያውቅም ነበር። አቧራ ለማጠብ ነው ብሎ ያመጣና እንቅልፉን ይተኛ ነበር። እሱ ግን ከዚያ መጽሐፍ ተምሯል። ጀሪካኑን ይዞ ወደ ቦኖው ሲሄድ እያንዳንዱን መስመር በልቡ እያለው ነበር። የቦኖው ወረፋ ረጅም ነበር፤ አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ቅድሚያ ይውሰዱ» ብላ ተራዋን ለቀቀችለት። ፊቷን እንኳ ልብ ብሎ አላየም። ውሃውን ቀድቶ ተመለሰ፣ ገመዱ ተነከረ፣ የበዛች ቦታ በረጠበው ገመድ ተለካ፤ ካስማው ሲተከል ከእሷ አንድ ክንድ ጎደለና ወደ አለምነው ገባ። ስፋቱ አንድ ክንድ፣ ርዝመቱ ከመንገድ እስከ ጓሮ ድረስ። እዚያ ላይ ዛሬ የእሱ ግንብ አጥር ቆሟል።

«መምህር?» አለ ሰዲቅ።

«መጽሐፉ የቆየ ነው» አለ አለምነው። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «ስለ ገመድ የሚል… አላስታውስም።»

ማስታወሻ የያዘው ሰው ቀና አለ። «አያስታውሱም ወይስ የለም?»

«የለም።»

«መጽሐፉስ የት ነው ያለው?»

«ጠፍቷል።»

ሁለተኛይቱ ውሸት ከመጀመሪያይቱ ይልቅ ቀልላ ወጣች። አለምነው ራሱም ይህን ታዘበ። ተከትሎት የገባው ንጉሡ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ነበር።

አርዋ ቦርሳዋን በክንዷ ይበልጥ ወደ ጎኗ ሳበችው። ከዚያ በዝግታ ተናገረች። «ቲቸር የለም ካሉ፣ የለም። እንግዲያው ከማንም አልሰማሁትም። የራሴ ነው።»

ኮሚቴው ብዙ አልተከራከረም። አርዋ ከትምህርቷ እንድትሰናበት ተወሰነ፤ ውሳኔው አስር ሰዓት ላይ ባንዲራ ሲወርድ በተማሪው ሁሉ ፊት እንዲነበብ ተባለ። ሰዲቅ ቃለ ጉባኤውን ለፊርማ ሲያዞር አለምነው ብዕሩን ተቀበለና ስሙን ጻፈ። ሃያ ዓመት የፈረማትን ስም ፊደል ሊያጎድል ትንሽ ቀረው።

ወደ ምሳ ሲወጣ በዛች ከበሩ ሥር፣ ጃንጥላዋን በድንጋይ አስደግፋ ተቀምጣለች። በሌላ በር መውጣት ፈልጎ ነበር፤ ሌላ በር የለም።

«ጋሽ አለምነው! እስኪ ይምጡ» አለችው። «ያ የገመድ ግጥም ከፈረንጅ የመጣ ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«ማን አለሽ?»

«ልጆቹ ናቸዋ። ያቺ የሸኹ ልጅ ከመጥሐፍ አወጣችው ይላሉ።» ሣቅ አለች። «ፈረንጅም አገር መበለት አለች በሉኛ! እኔ እዚህ ብቻ መስሎኝ። ወላሂ፣ መጀመሪያ ስሰማው እንባዬ እስኪመጣ ሣቅሁ። ኋላ ቤቴ ስገባ ሣቁ ሄደና እንባው ብቻ ቀረ።»

«ለምን እትዬ በዛች?» አለ፤ መጠየቁን ጠላው።

«ሙሉዬ ሁለት ክፍል ከነሳሎኑ ሥሪ ብላ ልካልኝ አልነበር? ፕላኑን ባስነሣ ‹ክንድ ይጎድልሻል፣ በዚህ ቦታ አይወጣም› አሉኝ። እነሱው ለክተው እነሱው ጎደለ ይሉኛል። ሙሉዬን ምን ብዬ ልንገራት? ‹እማ፣ አምስት ዓመት የሰው ቤት ጠርጌ› ትለኛለች።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያን ዕለት ገመዱ ጠብ ጠብ ይል ነበር እኮ። ዝናብ የለ፣ ደመና የለ። እርስዎም ነበሩ። ልብ አላሉት ይሆናል።»

አለምነው «ልብ አላልኩትም» አለ።

«የት ልብ ይሉታል፤ የመጥሐፍ ሰው ኖት» አለችው በርኅራኄ። ከዚያ ስኒዋን ከቆሎው ሞልታ፣ ጫፉ እስኪፈስ ከምራ፣ የኮቱን ኪስ በጣቷ ከፍታ ገለበጠችለት። ሳንቲም ሊያወጣ ሲል እጁን ያዘችው። «ይተዉ። ጎረቤት ነን።»

አለምነው ቤቱ አልሄደም። ቤቱ ለመግባት በዚያ አጥር በኩል ማለፍ አለበት። ከመምህራን መኝታ ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቆየ። ቆሎው ኪሱ ውስጥ ሞቅ እንዳለ ነበር። አፈረ። ሰው የሚያፍረው ሰው ሲያየው ነው ይባላል፤ እሱን ግን ማንም አላየውም፣ በዛች እንኳ አምናው ነው የሸኘችው፣ ይህ መታመኑ ነበር ፊቱን ያጋለው። በዝምታ ሊያልፈው ይችላል። ዝም አይነቅዝም። ነገ አርዋ አትኖርም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሰዉ ሌላ ወሬ ያገኛል፣ ክበቡም ለሚመጣው ዓመት ስለ ሰዓት ማክበር አንድ ጽሑፍ ያነባል። ይህን ሁሉ ካሰበ በኋላ እንኳ አልቀለለውም።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ወደ ግቢው ሲመለስ አንድ ሽማግሌ ከማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ ቆመው አየ። የአርዋ አባት ሸኽ አብዱልጀሊል ናቸው። ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ በቀኝ ብብታቸው በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። በቤታቸው ቁርኣን የሚያቀሩ፣ ከወግዲና ከኩታበር ሳይቀር ደረሳ የሚመጣላቸው ዓሊም ናቸው። አለምነው ሊሸሽ አሰበ፤ ሽማግሌው ግን አይተውታል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ መምህር።»

«ወአለይኩሙ ሰላም ሸኽዬ። እንደምን ዋሉ?»

«አልሐምዱ ሊላህ።» ጥቅሉን በሁለት እጃቸው ዘረጉለት። «ይህን ልጄ ከእርስዎ የተዋሰችው ነው አለችኝ። አማና ነው፤ የሰው ዕቃ ቤቴ እንዲያድር አልወድም። እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፤ አልከፈትኩትም።»

አለምነው ተቀበለ። ነጠላውን ሳይገልጥ በክብደቱ አወቀው። መጽሐፉ ነው። ጧት በስብሰባው ላይ አርዋ በክንዷ ጨምቃ የያዘችው ቦርሳ ውስጥ ነበር ማለት ነው። እሱ «ጠፍቷል» ሲል አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበረ፤ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ብታኖረው በቂ ነበር።

ሸኹ ለመሄድ አልቸኮሉም። «መምህር ስለሆኑ ልጠይቅዎ» አሉ። «እኛ ዘንድ ደረሳ ቃል ሲያቀብል ‹ይህን ከእገሌ ሰማሁ፣ እገሌም ከእገሌ ሰማ› ብሎ ነው። መምህሩን ሳይጠራ የሚያወራ ሰው አባት የሌለው ቃል ነው የሚያወራው። ይህን ልጄ ከጡት ጋር ነው የጠባችው። ዛሬ ግን ከማን ሰማሽው ብላት ‹አባዬ፣ ተወኝ› አለች። ተቀምጣ ቀሚሷን እያጠበች ነው፤ ነገ የት ለብሳው እንደምትሄድ እንጃ።»

አለምነው ጥቅሉን ብብቱ ውስጥ ከተተ።

«የመጣሁት ውሳኔ አስቀይሩልኝ ልል አይደለም። አላህ የጻፈው አይቀርም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሦስት ዓመት አስተምረዋታል፤ ጠባይዋን ከእኔ እኩል ያውቁታል። ልጄ ትዋሻለች?»

ከክፍሎቹ ውስጥ የተማሪው ድምፅ እንደ ንብ ይሰማል። አለምነው የሸኹን ዐይን ማየት አቅቶት ጫማቸውን አየ። አቧራ ነበረበት፤ በእግራቸው ነው የመጡት።

«አትዋሽም ሸኽዬ» አለ።

«አልሐምዱ ሊላህ» አሉ ሸኹ፣ ትከሻቸው ረገብ እያለ። «ይበቃኛል። አላህ ዕድሜ ይስጥዎ።» መረቁት። መርቀውት እየተጎነበሱ ወደ በሩ ሄዱ።

መጽሐፉን ባዶ ክፍል ገብቶ ከፈተው። በግጥሙ ገጽ ላይ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ተጣጥፎ ተቀምጧል። እሱ በመዳፉ ሸፍኖ «ድግግሞሽ ነው» ያላት የመጨረሻው ቤት ነው። ተርጉማዋለች። የወረቀቱ ራስ ላይ ያለው ቀን ግጥሙ ሰሌዳው ላይ ከመለጠፉ አምስት ቀን በፊት ነው። ከላይኞቹ ጋር ልትለጥፈው ትችል ነበር። ያስቀረችው እሷ ናት።

ቀያሹን ስትረግም፣ ቀያሹን ስትወቅስ፣
ማነው ውሃ ቀድቶ ለገመዱ ሚያደርስ?
ቀያሽማ ይታያል፣ ገመድ እጁ ይዟል፤
እንስራ ተሸክሞ የመጣው የት ሄዷል?

አንድ ጊዜ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ለምን አስቀረችው? ለምን ይህን ብቻ? ያን ጊዜ የቦኖው ወረፋ ተመለሰበት፤ የተሰለፉት ጀሪካኖች፣ የሚንጠባጠበው ቧንቧ፣ ተራዋን ለቃ ወደ ኋላ የሄደችው ልጅ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሻሽ። «ቲቸር፣ ቅድሚያ ይውሰዱ።» ጀሪካኑን በገዛ እጇ ከቧንቧው ሥር ደግፋለት ነበር። ከቦኖው እስከ አዲሱ ቦታ ዐይን የሚከልል ነገር የለም፤ ውሃው የት እንደገባ ወረፋዋ እስኪደርስ ቆማ አይታዋለች። ዓመት ሙሉ አውቃለች። ዓመት ሙሉ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጣ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» ብላዋለች።

አለምነው ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ቀያሹን ሳይሆን እሱን ነበር ስትሸፍን የኖረችው፤ ጧትም የሸፈነችው እሱን ነው። ከልጅ በተበደሩት ልብስ ገመናን መሸፈን እንዲህ ይበርዳል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ደወሉ ተደወለ።

ተማሪው በየክፍሉ ተሰልፎ ባንዲራው ወረደ። አርዋ ከሰልፉ ተነጥላ ከሰዲቅ አጠገብ እንድትቆም ተደርጋለች። የምትለብሰው ዩኒፎርም እርጥብ ስለነበር የእኅቷን ጠባብ ቀሚስ ለብሳ መጥታለች። ንጉሡ ጥግ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ድምፅ ማጉያው እንደ ልማዱ ጮኸና ጸጥ አለ። ሰዲቅ ውሳኔውን አነበበ፤ ቸኩሎ ነበር፣ ሁለት ቦታ ተሳሳተ። አንብቦ ሲጨርስ እንደ ሥርዓቱ «የክበቡ ኃላፊ ምክር ይሰጡናል» አለና ማይኩን ወደ አለምነው ዘረጋ።

አለምነው መጽሐፉን ይዞ ሄደ። ያን ርቀት እንዴት እንደተራመደው ኋላ ቢጠየቅ አያስታውስም። ድፍረት አልተሰማውም። ሊመክር አፉን ሲከፍት አርዋ አንገቷን ደፋች፤ እሱን ላለማሳፈር ብላ እንደደፋችው ገባው፤ ከዚያ በኋላ ምክሩን ማውጣት አልቻለም።

«ይህችን ግጥም አርዋ የሰማችው ከእኔ ነው» አለ። ማጉያው ድምፁን ከግድግዳ ግድግዳ አላተመው። «እኔ ከዚህ መጽሐፍ አነበብኩት። መጽሐፉ አልጠፋም። ጧት ዋሽቻለሁ።»

ሰልፉ ተንጫጫ። አርዋ ቀና አለች። «ቲቸር፣ ይቅር» አለች በቀስታ፤ አንገቷን ነቀነቀች። ሰዲቅ «መምህር፣ መምህር» እያለ ተጠጋ።

«አንድ ቤት ይቀረዋል» አለ አለምነው። «የደበቅኩት እኔ ነኝ። የተረጎመችው እሷ ናት።»

ወረቀቱን ዘረጋ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞች ሲያነብ ልጆቹ በለመዱት ሣቅ ፈነዱ፤ ወደ ንጉሡ ዞረው እየጠቆሙ ሣቁ። ንጉሡ እጁን ፈትቶ ለሰዲቅ በጣቱ ምልክት ሰጠ። ሰዲቅ ማይኩን መንጠቅ አፍሮ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለው። ማጉያው ሲጥ ብሎ ጠፋ። አለምነው በባዶ ድምፁ ቀጠለ፤ ድምፁ ሲያንስ ሣቁ አነሰ፣ ሁሉም ለመስማት አንገቱን አሰገገ። ከግቢው በር ባሻገር በዛች ጃንጥላዋን ትታ ተነሥታ ቆማለች፤ ስኒዋ ቆሎ እንደሞላ በእጇ ነው፣ ከእሷ የሚገዛው ልጅ ወረቀት ጠቅልሎ ይጠብቃታል፣ እሷ ግን ወደ ውስጥ ታያለች።

«‹እንስራ ተሸክሞ የመጣው የት ሄዷል?›» ሲል ጨረሰ።

ማንም አልሣቀም። ግቢ ሙሉ ተማሪ፣ አስተማሪው፣ ዘበኛው፣ መልሱን የሚጠብቁ ይመስላሉ። አለምነው ወረቀቱን አጠፈው። እጁን ኪሱ ሲከት ቆሎው ጣቱን ነካው፤ አሁን ቀዝቅዟል። ቀና ብሎ በበሩ ብረት መካከል ጎረቤቱን አያት።

«እትዬ በዛች» አለ፤ ከዚያ መልሱን ሊሰጣት ድምፁን ከፍ አደረገ።